በሲባጎ የተሰፋው መዝገብ

ሦስተኛውን ጆንያ እየጎተትኩ የምድር ቤቱን ደረጃ ስወጣ፣ ሚስተር ስቶሊንግስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"ፍጠኝ እንጂ አክስቴ! የማሞቂያው ቦይለር ነገ ጠዋት ይገባል። ምሳዬን በልቼ ስመለስ እዚያ ታች አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንዳላይ።"

"እሺ ጌታዬ።"

"ሁሉም ይቃጠላል። ከአይጥ በቀር ማንም የማይፈልገው የበሰበሰ ነገር ነው።"

"እሺ ጌታዬ።"

እሺ ያልኩት በአፌ ነው። እጄ ግን የጆንያውን አፍ አንቆ ይዟል። ከሦስቱ ጆንያዎች አንዱን ላቃጥለው አላሰብኩም።

ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሰባት፣ ወሩ ነሐሴ፣ ቦታው ሰሜን ካሮላይና፣ የሄልደን አውራጃ ፍርድ ቤት ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ያንን ፍርድ ቤት ስጠርግና ስወለውል አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ባሌ ሞቷል፤ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፣ ቬርሊን። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የሰፈራችን እኩዮቿ ትምህርታቸውን ጥለው የትምባሆ ቅጠል ሲያስሩ፣ እሷን ትምህርት ቤት ያቆያት የእኔ መጥረጊያ ነው። መጥረጊያው ከእጄ ከወጣ በሳምንቱ እሷም ትምባሆ ቤት ናት። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሺ ጌታዬ ስል ኖሬያለሁ። አላፍርበትም።

ያን ቀን ግን ቤቴ እንግዳ ነበረች፤ ወይዘሪት ዊልሄልሚና ጋትሊን። ሰኞ ዕለት ከአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ወርዳ፣ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው በገመድ የታሰሩ ሁለት የጫማ ካርቶኖች ይዛ በሬን አንኳኳች። ከተማችን ሆቴል አለው፤ ለእኛ ለጥቁሮች ግን ክፍል የለውም። ወደ እኔ የላካት ፓስተራችን ነው።

"ወይዘሮ ስፔይት እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

ዞሬ ኋላዬን አየሁ። እውነቴን ነው። ቤተ ክርስቲያን እህት ስፔይት ነኝ። ነጮቹ ዘንድ ሉቬኒያ ነኝ፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ አክስቴ። አክስቴ የሚሉን የዘመድ ፍቅር ይዟቸው አይደለም፤ ወይዘሮ ላለማለት ነው። በከተማችን አንድም ነጭ፣ በቃልም ሆነ በጋዜጣ፣ የእኛን ሴት ወይዘሮ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ይቺ ልጅ ግን ገና ደጄ ላይ ቆማ እንደ ዋዛ ወይዘሮ አለችኝ። ሻንጣዋን ከእጇ ነጥቄ ተሸከምኩላት።

"ካርቶኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ጫማ ነው?"

"ካርድ ነው። ሁሉም የሞቱ ሰዎች ናቸው" አለችና ሳቀች።

ቁመቷ አጭር፣ መነጽሯ ወፍራም፣ ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነበር። ሥራዋ ታሪክ ነው። በሰሜን በኩል ባለ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬቷን ጽሑፍ እየጻፈች ነው። ማታ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አቅርቤላት ስትበላ፣ ለምን ወደ እኛ እንደመጣች ነገረችን።

"መምህሬ፣ ባሪያዎቹ ትዳር የሚባል ነገር አልነበራቸውም ይላል። ተገናኝተው ይለያያሉ ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ነበራቸው እላለሁ። 'እንግዲያው ወረቀት አምጪ' አለኝ። ነፃነት እንደመጣ፣ በ1866፣ አብረው የኖሩ ሁሉ ፍርድ ቤት ቀርበው ትዳራቸውን እንዲያስጽፉ ታዞ ነበር። መዝገቡን በሦስት አውራጃ ፈለግሁ። አንዱ ተቃጥሏል አሉኝ፣ አንዱ በጎርፍ ሄዷል አሉኝ፣ ሦስተኛው ጋ በሩን ዘጉብኝ። አራተኛው የእናንተ ነው። ከዚህ ባዶ እጄን ከተመለስኩ ሌላ ርዕስ ያዢ እባላለሁ፤ የአራት ዓመት ሥራዬም እዚያው ያበቃል።"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

"አያቴ ፊሊስ እስክትሞት ድረስ አንድ ነገር ትል ነበር" አልኳት። "'እኔ ነጭ ምሰሶ ያለው ቤት ውስጥ ተጽፌያለሁ' ትላለች። ልጆች ሆነን እንስቅባት ነበር። አሥራ አንድ ማይል በእግሯ ሄዳ፣ ከአያቴ ከሳይረስ ጋር ቆማ፣ ተጽፋ እንደተመለሰች ትናገራለች። ጃጅታ ነው ብለን ተውናት።"

ወይዘሪት ጋትሊን መብላቷን አቆመች። "ይህን ከማን ሰሙት?"

"ከእናቴም ከራሷም።"

"እናትዎስ ከማን?"

"ከራሷ ከፊሊስ ነዋ! ከማን ልትሰማ ኖሯል?"

"ይቅርታ፣ ሥራዬ ነው፤ ማን ነገረሽ ማለት" ብላ ከካርቶኗ ባዶ ካርድ አወጣችና በእርሳስ ጽፋ አነበበችልኝ። ፊሊስ ዊግስ፣ ተጽፌያለሁ አለች። የአያቴ ስም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ አየሁ።

ማክሰኞ ዕለት ሚስተር ስቶሊንግስ፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም፣ የጥያቄ ወረቀቷን በሁለት ጣቱ ይዞ አነበበውና መለሰላት። "እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። ኖሮም አያውቅም። የመሬቱን መዝገብ ማየት ትችያለሽ፣ ልጅት።" ሰፊው የንባብ ክፍል የነጮች ስለሆነ፣ ከመጥረጊያ ቁም ሣጥኑ አጠገብ፣ መተላለፊያው ላይ አንዲት የተሰበረች ጠረጴዛ ሰጧት። ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጣ ጻፈች። በባልዲዬ ባለፍኩ ቁጥር እግሯን ታነሳልኛለች።

በዚያው ቀን ማታ ምድር ቤቱ ሊጸዳ መሆኑን ነገርኳት። የፈለገችው መዝገብ የትም ካለ እዚያ ነው። እሷ ደግሞ ወደ ታች መውረድ አይፈቀድላትም።

"ወይዘሮ ስፔይት፣ አይግቡበት" አለችኝ። "ሥራዎ ነው። ልጅ አለዎት።"

"ምን ተብሎ እንደተጻፈበት ብቻ ንገሪኝ።"

"አልነግርዎትም።"

ቬርሊን ከማዕዘኑ ሳቀች። "ብትነግሪያትስ! እማዬ ማንበብ የምትችለው ሦስት ፊደል ያለውን ነው።"

"አንቺ! ቃና ዘገሊላን ከመጽሐፍ ቅዱስ ያነበብኩ ሴት ነኝ!"

"ሰርጉ እስኪያልቅ ድረስ ነው ያነበብሽው፤ እንግዶቹ ጠጅ ጠጥተው ወጡ፣ አንቺ ገና ጋኖቹ ላይ ነበርሽ።"

እውነቷን ነው። ማንበብ የጀመርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። በየቅዳሜው ከቀትር በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከእኔ ዕድሜ ሴቶች ጋር፣ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካው ተምረናል። ከዚያ በፊት በስሜ ቦታ የማኖረው የመስቀል ምልክት ነበር። አሁን የታተመ ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። ቁጥርማ ከድሮም አውቃለሁ።

ወይዘሪት ጋትሊን በመጨረሻ ተሸነፈች። ከዚያ በቀስታ "ጋብቻ" አለች። "1866።"

እንግዲህ ረቡዕ ጠዋት ምድር ቤቱ ውስጥ በፋኖስ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ግድግዳው ያልበዋል። ወረቀቱ እንደ ረጠበ ዳቦ እጅ ላይ ይቆረሳል። አንዱን እያነሳሁ፣ እያየሁ፣ ወደ ጆንያ እጥላለሁ። በመጨረሻ ከታች ከተደረደሩት መካከል ትልቅ የቆዳ መዝገብ አገኘሁ። ጀርባው ላይ በወርቅ ቀለም፣ በትልልቅ የታተመ ፊደል ተጽፎበታል። ጣቴን አስጠጋሁ። ጋ። ብ። ቻ። ከሥሩ 1866።

እዚያው ጉልበቴ ላይ ተንበርክኬ ጌታ ሆይ አመሰግንሃለሁ አልኩ። መዝገቡን ለብቻው በሦስተኛው ጆንያ ከተትኩትና አሮጌ መጋረጃ ከላይ አለበስኩት።

ከዚያው ከመዝገቡ ሥር ሽፋን የሌለው ሌላ ጥራዝ ወረቀት ነበር። በትምባሆ ማሰሪያ ሲባጎ ተሰፍቷል። ስፌቱን ወደድኩት፤ ጠንካራ፣ የሴት እጅ የመሰለ ስፌት ነው። ገለጥኩት። ፊደል የለበትም። ከዳር እስከ ዳር የተጠማዘዘ መስመር፣ ዶሮ ጭቃ ላይ የጫረችው የመሰለ፤ በየመስመሩ መጨረሻም የመስቀል ምልክት። አንድ ሰው ብዕር የሞከረበት መሰለኝ። ወደሚቃጠለው ጆንያ ጣልኩት።

እኩለ ቀን ላይ ሚስተር ስቶሊንግስ ምሳውን ሊበላ ወደ ቤቱ ሄደ። የፍርድ ቤቱን ቆሻሻ ወስዶ የሚያቃጥለው የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ሮስኮ ፒብልስ በአሮጌ ፒካፑ መጥቶ ሁለቱን ጆንያዎች ጫነ። መኪናውን ኤልዛቤል ይላታል፤ በየዳገቱ ስለምትከዳው ነው።

"ሦስተኛውስ፣ እህት ስፔይት?"

"እሱ የእኔ ነው።"

"ከፍርድ ቤት የሚሰረቅ ነገር ካለ ለእኔም ንገሪኝ እንጂ። ቢያንስ አንድ ዳኛ አስቀሪልኝ፣ በቆሎዬ ውስጥ ለወፍ ማስፈራሪያ አቆመዋለሁ።"

"ሂድ ከዚህ! እግዜር ይይልህ!"

እየሳቀ ሄደ። እኔ ወይዘሪት ጋትሊንን ጠርቼ ከግቢው በስተኋላ፣ እኛ ምሳችንን የምንበላበት ዛፍ ሥር ወሰድኳት። መጋረጃውን ገለጥኩላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መዝገቡን ከፈተች። ገጽ ገለጠች፤ ሌላ ገጽ ገለጠች። ፊቷን እያየሁ ነበር። ጡት የተነጠቀ ሕፃን ፊት ሆነ።

"ምነው? አይደለም እንዴ? ጋብቻ ይላል፣ 1866 ይላል!"

"ይላል። በጣም ጥሩ አድርገው አንብበዋል" አለች። ድምጿ ግን ሞቷል። "የነጮቹ ነው፣ ወይዘሮ ስፔይት። የእኛ ሰዎች ለብቻ ነበር የሚጻፉት።"

ሥራዬን፣ የልጄን ትምህርት አስይዤ ያዳንኩት የነጮቹን ሰርግ ነው።

ወይዘሪት ጋትሊን መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። "ሌላ ነገር አላዩም? ቀጭን፣ ሽፋን የሌለው ሊሆን ይችላል። በእጅ የተጻፈ።"

"በእጅ የተጻፈ ማለት?"

ካርዷን አውጥታ አሳየችኝ። ከቀናት በፊት የአያቴን ስም የጻፈችበትን። ያኔ ስታነብልኝ ሰምቼ ነው እንጂ ፊደሉን አስተውዬው አልነበረም። አሁን አየሁት። ከዳር እስከ ዳር የተጠማዘዘ መስመር። የዶሮ ጭረት።

"ይሄ ጽሑፍ ነው?" አልኳት። "ይሄም ይነበባል?"

"ይነበባል። ፊደሉ ተያይዞ ሲጻፍ እንዲህ ነው።"

ቅዳሜ ቅዳሜ የተማርነው የታተመውን ብቻ ነው። በእጅ የሚጻፈው ሌላ መልክ እንዳለው ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅን። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

"ወይኔ ልጄ። ሰደድኩት። በሲባጎ የተሰፋ ነበር፤ በየመስመሩ መስቀል አለበት። ከሮስኮ ጋር ወደ እሳቱ ሰደድኩት።"

ወይዘሮ፣ ወይዘሪት የምንባባልበት ጊዜ አልነበረም። መዝገቡን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከባልዲ ሥር ደብቄ፣ ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ። ከሥራ የምወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ገና ሰባት አልሞላም። በሩ ላይ ሚስተር ስቶሊንግስ ጥርሱን እየጎረጎረ ሲመጣ ተገጣጠምን።

"ወዴት ነው አክስቴ?"

መዋሸት አልችልበትም። ስዋሽ ጆሮዬ ይሞቃል። "ጌታዬ፣ ሮስኮ በወሰደው ጆንያ ውስጥ የእኔ ነገር ገብቶብኛል። ከመቃጠሉ በፊት ልድረስበት።"

"ምንሽ ነው?"

"ከአያቴ የቀረልኝ ነገር ነው።"

አየኝ። አሥራ አንድ ዓመት ምንም ጠይቄው አላውቅም። "ሂጂ። ሳይመሽ ግን ታች ወርደሽ ወለሉን ታጥቢያለሽ።"

የቆሻሻ መጣያው ወንዙ ዳር ነው፣ ሁለት ማይል ይሆናል። ሮጥን ማለት ይቻላል። ወይዘሪት ጋትሊን የከተማ ጫማዋ ሲያስቸግራት አውልቃ በእጇ ያዘችው። በሁለቱም ወገን የትምባሆ ማሳ ነው፤ አየሩ አይንቀሳቀስም። እንደ እናት እሰጋላታለሁ፤ እባብ እንዳይነድፋት፣ ፀሐይ እንዳይመታት፣ ባዶ እጇን ወደ መጣችበት እንዳትመለስ። መንገዱ ሲታጠፍ ጭሱን አየነው። ወፍራም፣ ነጭ ጭስ ከዛፎቹ በላይ ይወጣል።

"ደርሶበታል" አለች ቆም ብላ።

"ሂጂ! አትቁሚ! ጭስ ነው ያየሽው፣ አመድ አላየሽም!"

ዲያቆን ሮስኮ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። ፊት ለፊቱ የወረቀት ክምር እየጨሰ ነው። ጆንያዎቹን ለስኳር ድንቹ ስለሚፈልጋቸው አራግፎ አጥፏቸዋል።

"እንዲህ ያለ ወረቀት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም!" አለ ገና ሲያየን። "ግማሽ ሳጥን ክብሪት ጨረስኩበት። ከኃጢአተኛ ልብ የጠነከረ! ይጨሳል እንጂ አይነድም።"

እርጥበቱ ነው። ያ ሁሉ ዓመት ሲያበሰብሰው የኖረው የምድር ቤት ላብ ነው እሳቱን የከለከለው።

"ውኃ!" አልኩት። "ሮስኮ፣ ከወንዙ ውኃ!"

"ካቃጠልኩ በኋላ ነው እንዴ የምትነግሩኝ? ዓሣዬስ?"

"ዓሣህን ጌታ ያበርክተው፣ ተነስ!"

ወይዘሪት ጋትሊን በጉልበቷ ጭሱ ውስጥ ገብታ ወረቀት ታገላብጣለች፤ ታስላለች፣ እንባዋ ይወርዳል። እሷ ግን አላየችውም፤ የምትፈልገው ምን እንደሚመስል አታውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ። ፊደሉን አልለየሁትም እንጂ ስፌቱን ለይቻለሁ። ዓይኔን ጭሱ እያቃጠለኝ የምፈልገው ወረቀት ሳይሆን ሲባጎ ነበር። ከክምሩ ጎን፣ ከታች፣ የክሩን ጫፍ አየሁ። ሳብኩት። መጣ። አንዱ ዳሩ ጠቁሯል፤ ሌላው ሁሉ እርጥብ ነው፣ ይተናል።

በኤልዛቤል የኋላ ጠርዝ ላይ ዘረጋነው። ወይዘሪት ጋትሊን የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች። ከዚያ ሁለተኛውን። ድምፅ አውጥታ ነበር የምታነበው፣ ባል፣ ሚስት፣ ስንት ዓመት አብረው እንደኖሩ። ሃያ ዓመት። ሠላሳ አንድ ዓመት። ስድስት ዓመት። ዲያቆን ሮስኮ ባርኔጣውን አወለቀ። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች።

"ምነው?"

"ጣትዎን ያምጡ።"

ጣቴን ይዛ መስመሩ መጀመሪያ ላይ አኖረችው፤ ልክ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምናደርገው። በቀስታ እየገፋችው አነበበችልኝ። "ሳይረስ ዊግስ እና ፊሊስ ዊግስ። ከ1841 ጀምሮ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ።"

ጣቴ መስመሩ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ሁለት የመስቀል ምልክት አለ። አንደኛው ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ትንሽ ዘመም ብሏል፣ ብዕር ይዞ በማያውቅ እጅ ተጭኖ የተደረገ። ያ የአያቴ ነው። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ድረስ እንደዚያው ዘመም አድርጌ ነበር የማኖረው።

"ተጽፋለች" አልኩ። "አልጃጀችም። ተጽፋለች።"

ወይዘሪት ጋትሊን ፊቷ ጥላሸት እንደሞላው አቀፈችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ዲያቆን ሮስኮም፣ "የእኔም አያቶች ይኖሩ ይሆን?" አለ። ገጽ ሠላሳ አራት ላይ ነበሩ።

መመለሱ ነበር የከበደው። መዝገቡን ይዘን መጥፋት እንችል ነበር፤ ሮስኮም ያንኑ መከረን። ወይዘሪት ጋትሊን ግን እንቢ አለች። "ቆሻሻ ክምር ላይ አገኘሁት ብል መምህሬ እኔ ጻፍኩት ይለኛል። የፍርድ ቤቱ ማኅተም ከሌለበት ወረቀት አይደለም።"

ሚስተር ስቶሊንግስ ሁለታችንን ከእግር እስከ ራስ አየን። "ምነው፣ ከምድጃ ነው የወጣችሁት?"

ቬርሊንን አሰብኩ። ከዚያ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄጄ ትልቁን የቆዳ መዝገብ ከባልዲው ሥር አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

"ጌታዬ፣ ይህን ከጆንያው አስቀርቼዋለሁ።"

"ማን ፈቀደልሽ? ሁሉም ይቃጠላል አላልኩሽም?" ፊቱ ቀላ። "ሉቬኒያ፣ አሥራ አንድ ዓመት..."

"ገጽ አርባ ሦስት፣ ጌታዬ" አለች ወይዘሪት ጋትሊን በቀስታ። "ከመቆጣትዎ በፊት።"

ዛፉ ሥር ሆና መዝገቡን ስትገልጥ፣ ልቧ ተሰብሮም ዓይኗ ሥራውን አላቆመም ነበር። ሚስተር ስቶሊንግስ ገጹን አወጣ። አነበበ። ቁጭ አለ። ጄሲ ስቶሊንግስ ማርታ ፑሊን ያገባበት ገጽ ነው፤ አያቶቹ ናቸው።

ማቃጠሉን ያዘዘው ማን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ አየሁ። እኔም የሰው ልጅ እናት ነኝ፤ ሰው እንዲህ ሲያፍር ማየት አልወድም።

"ጨለማ ውስጥ ነበር የተቀመጠው፣ ጌታዬ" አልኩት። "ማንም ቢሆን አያየውም ነበር።"

ቀና ብሎ አየኝ።

"ያኛውስ?" አለ በመጨረሻ፣ ወይዘሪት ጋትሊን ደረቷ ላይ ወዳቀፈችው እየጠቆመ።

"ይህም የጋብቻ መዝገብ ነው። የዚያው ዓመት። የለም ያሉኝ።"

ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ማኅተሙን አወጣና በሁለቱም ላይ መታ፤ አንዴ በቆዳው፣ አንዴ በእርጥቡ። "ከዚህ ቤት አይወጣም" አለ። "ማንበብ ከፈለግሽ ጠረጴዛሽ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።"

ያው የተሰበረችው ናት፣ ከመጥረጊያው አጠገብ። ዘጠኝ ቀን እዚያ ተቀምጣ ስልሳ አንዱን ገጽ በሙሉ ገለበጠች። እኔ ባልዲዬን ይዤ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ስም ታሳየኛለች፤ እኔ አነባለሁ። የእጅ ጽሕፈት ማንበብ የተማርኩት በዚያ መተላለፊያ ላይ፣ ከአያቴ ጎረቤቶች ስም ነው። ጨርሳ ስትሄድ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ።

ጽሑፏን አቀረበች፤ መምህሯም ወረቀቱን አይቶ ፈረመላት። በደቡብ ባለ የእኛ ሰዎች ኮሌጅ አስተማረች፤ ኋላም የራሷ መምህር በነበረበት ዩኒቨርሲቲ ወንበር ሰጧት። ተማሪዎቿን በየፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ትሰዳቸዋለች አሉ፤ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠርጉትን ሴቶች አነጋግሩ እያለች። በየገናው ደብዳቤ ትጽፍልኛለች፣ በእጅ ጽሕፈት። እኔው አነበዋለሁ። ቬርሊንም ተምራ መምህርት ሆነች።

ጽሑፏ መጽሐፍ ሆኖ በፖስታ የመጣልኝ በስምንተኛው ዓመት ነው። ጠዋት ሥራ ስገባ ይዤው ሄድኩ። ሚስተር ስቶሊንግስ ሸምግሏል፤ ጡረታው ቀርቧል። "ያቺ ልጅ ናት?" አለና ተቀበለኝ። "እኔን ጠቅሳኛለች እንዴ?"

"ከፊት ነው ጌታዬ፣ ምስጋናው ላይ።"

መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ስሙን ሌሎቹ ጸሐፊዎች እንዲሰሙለት ፈልጎ ነው። "'የሄልደን አውራጃ መዝገብ ቤት ሹም ሚስተር ሃርቪ ስቶሊንግስ መዝገቡን ማኅተም አድርገው በክብር ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ።'" ፈገግ አለ። ቀጠለ። "'ከሁሉም በላይ ግን ይህ መጽሐፍ ባለዕዳነቱ፣ መዝገቡን በገዛ እጃቸው ከእሳት ላወጡት...'"

እዚያ ቆመ። ቀጥሎ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ማታ በጣቴ እየተከተልኩ ሰባት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ታትሞ የወጣ ነው፤ የሚዘለል አይደለም። ጸሐፊዎቹ ቀና ብለው ይጠብቃሉ። ሚስተር ስቶሊንግስ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔን አየ፣ ገጹን አየ።

"'...ለወይዘሮ ሉቬኒያ ስፔይት ነው'" ብሎ አነበበ።

"አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ስቶሊንግስ" አልኩት።

መጽሐፌን ተቀበልኩት። ከዚያ ጨርቄን ይዤ ወደ መደርደሪያው ሄድኩና፣ በየጠዋቱ እንደማደርገው፣ በሲባጎ የተሰፋውን መዝገብ አቧራ ጠረግሁለት።